የዝሆን ጆሮን ማዳቀል፦ የሁለት ቀን አበባ፣ የዓመታት ምርጫ

ስለ ተክል ማዳቀል ሳስተምር ምሳሌ የማደርገው በቆሎን ወይም ስንዴን ሳይሆን የዝሆን ጆሮን ነው። አበባው ትልቅ ስለሆነ ወንዴውና ሴቴው ያለ አጉሊ መነጽር በዓይን ይለያሉ። ከአንድ ድቀላ የሚወጡት ልጆች ደግሞ እርስ በርሳቸው እጅግ ስለሚለያዩ፣ ተማሪው ውርስ ማለት ምን እንደሆነ በችግኝ ሳጥኑ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ያየዋል። ማዳቀሉ ራሱ የአንድ ማለዳ ሥራ ነው። ሰዓቱን ማወቅ ጥናት ይጠይቃል፤ ከልጆቹ መካከል መርጦ ሌላውን መጣል ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ጀማሪ የሚሳሳተው በሰዓቱ ነው፤ ተስፋ የሚቆርጠው ግን በመጣሉ ላይ ነው።

የትኛው የዝሆን ጆሮ?

በችግኝ መሸጫዎች «የዝሆን ጆሮ» የሚባለው አንድ ተክል አይደለም። በዚህ ስም የሚጠሩ ሦስት ወገኖች አሉ፦ ኮሎካሲያ፣ አሎካሲያና ዛንቶሶማ። ሦስቱም ካላ ሊሊ የምትገኝበት የአሬሲ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መነሻቸው እስያ ሲሆን ዛንቶሶማ ግን ከአሜሪካ ሞቃታማ አገሮች የመጣ ነው። ከኮሎካሲያ ወገን በዓለም ላይ በብዛት የሚለማው ኮሎካሲያ ኤስኩሌንታ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በወላይታ፣ በዳውሮ፣ በጋሞ፣ በካፋና በሸካ ጓሮ የሚበቅለው ጎደሬ እሱ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ የአትክልት ስፍራዎች በውድ ዋጋ የሚገዛው ጥቁር ቅጠል ያለው ጌጥ ከጎደሬ ጋር አንድ ዝርያ መሆኑን ስነግራቸው የማያምኑኝ ተማሪዎች አሉ።

ኮሎካሲያንና አሎካሲያን ለመለየት የቅጠሉን አገዳ ተከተሉ። በኮሎካሲያ አገዳው ከቅጠሉ ጠርዝ ገባ ብሎ ከጀርባው ላይ ይጣበቃል፤ የቅጠሉም ጫፍ ወደ መሬት ያዘነብላል። በብዙዎቹ ትልልቅ አሎካሲያዎች ግን አገዳው የሚገናኘው ከቅጠሉ ስንጥቅ ጫፍ አጠገብ ነው፤ ቅጠሉም ወደ ሰማይ ቀና ይላል። የማይሠራባቸው ዝርያዎች ስላሉ እንደ መነሻ ብቻ ያዙት። በተለይ ችግኝ ላይ አትሞክሩት፤ በልጅነታቸው ሁሉም ይመሳሰላሉ።

ይህን መለየት ለአዳቃይ ግዴታ የሚሆንበት ምክንያት ክሮሞዞም ነው። ዛንቶሶማ በአብዛኛው 26 ክሮሞዞም አለው፤ ኮሎካሲያና አሎካሲያ ደግሞ መደበኛ ቁጥራቸው 28 ነው። ስለዚህ ዛንቶሶማን ከጎደሬ ጋር ለማዳቀል መልፋት ከንቱ ድካም ነው። ቁጥር መግጠሙ ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። ቅጠሉ እስከ 1.5 ሜትር የሚደርሰው «የታይላንድ ግዙፍ» ለረጅም ጊዜ ኮሎካሲያ ጂጋንቲያ ሲባል ኖሯል፤ የዘረ መል ጥናት ሲደረግ ግን ዝምድናው ከጎደሬ ይልቅ ወደ አሎካሲያ ሲያደላ ተገኘ። ዛሬ ብዙ የዕፅዋት ሊቃውንት ሉኮካሲያ የሚል የራሱን ስም ሰጥተውታል። ለጀማሪ የምመክረው በአንድ ወገን ውስጥ መቆየት ነው፦ ኮሎካሲያን ከኮሎካሲያ፣ አሎካሲያን ከአሎካሲያ።

የአበባው ሰዓት

አበባ የምንለው በእርግጥ ብዙ ጥቃቅን አበቦች የተሰለፉበት አንድ ዘንግ ነው። ዘንጉን ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ሽፋን ቅጠል ይጠቀልለዋል። ሽፋኑን ከላይ እስከ ታች ብትከፍቱት ቅደም ተከተሉን ታያላችሁ። ከታች፣ በሽፋኑ እንደ ማድጋ ባበጠው ክፍል ውስጥ፣ አረንጓዴ ፍሬ የሚመስሉ ሴቴ አበቦች ታጭቀዋል። ከእነሱ በላይ ዘር የማይሰጥ ጠባብ አንገት አለ። ከአንገቱ በላይ የአበባ ብናኝ የሚያፈሱ ወንዴ አበቦች ይገኛሉ፤ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደገና ዘር የማይሰጥ ሹል ክፍል።

ሴቴዎቹና ወንዴዎቹ በአንድ ዘንግ ላይ ሆነው በአንድ ጊዜ አይደርሱም። ሴቴዎቹ ይቀድማሉ። በመጀመሪያው ቀን ሽፋኑ ላላ ይላል፤ ዘንጉ ራሱን ያሞቃል። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፤ ተክሉ በውስጡ ያከማቸውን ምግብ በፍጥነት እያቃጠለ ከአካባቢው አየር በላይ ይሞቃል። ሙቀቱ የበሰለ ፓፓያን የሚያስታውስ ሽታ ያሰራጫል። በእስያ ሽታውን ተከትለው የሚመጡት ኮሎካሲዮማያ የሚባሉ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። እነዚህ ዝንቦች ኑሯቸው በሙሉ በዚህ አበባ ላይ ነው፤ እንቁላላቸውን ሳይቀር የሚጥሉት እዚያው ነው። አንዳንዴ ሁለት ዝርያ ዝንቦች አንዱን አበባ ይጋራሉ፦ አንዱ ከታች በሴቴው ክፍል፣ ሌላው ከላይ በወንዴው ክፍል ይራባሉ።

በሁለተኛው ቀን የሽፋኑ አንገት ጠበብ ብሎ የሴቴዎቹን ክፍል ይዘጋል። ዝንቦቹ ወደ ላይ ይገፋሉ። በዚያው ሰዓት ወንዴዎቹ ብናኛቸውን ያፈሳሉ። ዝንቡ ዱቄቱን ተሸክሞ ገና በመጀመሪያ ቀኑ ላይ ወዳለ ሌላ አበባ ይሄዳል። ተክሉ ከራሱ ጋር እንዳይዳቀል የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ነው። እነዚህ ዝንቦች በሌሉበት አገር ተክሉ ቢያብብም ዘር እምብዛም አይዝም፤ የዝንቡን ሥራ ሰው መሥራት ያለበትም ለዚህ ነው።

ድቀላው

የሚያስፈልጋችሁ ስለታም ምላጭ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ፣ ወረቀት፣ እርሳስና መለያ ካርድ ነው። እርሳስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ የእስክርቢቶ ጽሑፍ በዝናብና በፀሐይ ይጠፋል፤ አባቱ የማይታወቅ ችግኝ ይዛችሁ ትቀራላችሁ።

እናት እንድትሆን የመረጣችኋትን አበባ በየቀኑ ተመልከቱ። ሽፋኑ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ መዞር ሲጀምርና ላላ ሲል፣ ሽታውም ሲመጣ፣ ሰዓቱ ደርሷል። በዚያ ቀን የሽፋኑን የላይኛ ክፍል ቁረጡና አንሱት፤ ከጠባቡ አንገት በላይ ያለውን የወንዴ ክፍልም በምላጩ ቆርጣችሁ ጣሉት። ብናኙ ከመፍሰሱ በፊት መሆን አለበት። ከዘገያችሁ እናቲቱ ከራሷ ጋር ትዳቀላለች፤ የምታገኙት ዘር ድቅል ይመስላችኋል እንጂ አይደለም። ከዚያ ከታች ባበጠው ሽፋን ላይ ሴቴዎቹ እንዲታዩ መስኮት ክፈቱ።

አባት የሚሆነው አበባ ከእናቲቱ አንድ ቀን የቀደመ መሆን አለበት፤ ማለዳ ላይ ወንዴው ክፍል ዱቄት ሲያፈስ ዘንጉን በወረቀት ላይ መታ መታ አድርጋችሁ ብናኙን ሰብስቡ። በብሩሽ ወይም በጣት ጫፍ በሴቴዎቹ ላይ ዙሪያውን ቀቡ። ሴቴዎቹ በዚህ ሰዓት ያጣብቃሉ፤ ዱቄቱ ሲይዝ ይታያል። ስትጨርሱ መስኮቱን በቀጭን ጨርቅ ወይም በወረቀት ከረጢት መሸፈን ከነፍሳትና ከዝናብ ይጠብቃል። በካርዱ ላይ የእናት ስም ቀድሞ፣ የአባት ስም ተከትሎ፣ በመካከላቸው የማባዣ ምልክት፣ ከዚያም ቀኑ ይጻፍ። በዓለም ሁሉ ያሉ አዳቃዮች የሚጽፉት በዚህ ቅደም ተከተል ነው፤ እናት ሁልጊዜ ትቀድማለች።

ሁለቱ አበቦች በአንድ ቀን ልዩነት የመገጣጠማቸው ነገር አስቸጋሪ ነው። አንዱ መፍትሔ ከእያንዳንዱ ወላጅ ብዙ ተክል መትከል ነው። ብናኝን አድርቆ በማቀዝቀዣ ማቆየትም ይሞከራል፤ ይሁን እንጂ የዚህ ቤተሰብ ብናኝ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ትኩሱን የሚተካው የለም።

አበባ እምቢ ሲል

ብዙ የጎደሬ ዝርያዎች ለዓመታት ሳያብቡ ይኖራሉ። ገበሬው በሥሩ እያባዛ የሚተክለው ስለሆነ አበባ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም በሺህ ዓመታት ምርጫ ውስጥ ጉልበቱን አበባ ላይ የሚያጠፋ ተክል ተወዳጅ ሊሆን አይችልም ነበር። የማዳቀል ሳይንስ ይህን ችግር የፈታው ጂበሬሊክ አሲድ በሚባል የዕፅዋት ሆርሞን ነው። ተክሉ ከሦስት እስከ አምስት ቅጠል ሲያወጣ ሆርሞኑ በውኃ ተበጥብጦ ይረጫል፤ በአንድ ሊትር ውኃ 500 ሚሊ ግራም የተለመደ መጠን ነው። ዱቄቱ በውኃ ቶሎ ስለማይሟሟ አስቀድሞ በጥቂት አልኮል ይበጠበጣል። ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ አበባ ይመጣል። መጀመሪያ የሚወጡት ቅጠሎችና አበቦች የተጣመሙ ቢሆኑ አትደንግጡ፤ ቀጥለው የሚመጡት ይስተካከላሉ።

ሆርሞንም የማይፈታው አንድ ጉዳይ አለ። አንዳንድ ጎደሬዎች 28 ሳይሆን 42 ክሮሞዞም አላቸው፤ ማለትም እያንዳንዱ ክሮሞዞም በጥንድ ፈንታ በሦስት ይገኛል። ሦስት ነገር ለሁለት እኩል አይካፈልም፤ ስለዚህ ጤናማ የዘር ሕዋስ መሥራት አይችሉም። ሥራቸው ጣፋጭ፣ ጉልበታቸው ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ወላጅነት ግን አይሆንላቸውም። ደጋግማችሁ አዳቅላችሁ አንድም ዘር ካልያዘ፣ ጥፋቱ የእጃችሁ ላይሆን ይችላል።

ከፍሬ እስከ ችግኝ

ድቀላው ከያዘ የታችኛው ክፍል አረንጓዴ እንደሆነ ያብጣል፤ ካልያዘ ግን በጥቂት ቀናት ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። በኮሎካሲያ ፍሬው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ይበስላል፤ በአሎካሲያ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፣ ሲደርስም ደማቅ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ይሆናል። የኮሎካሲያ ዘር በጣም ደቃቅ ነው፤ ከአንድ ዘንግ ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ዘር ሊወጣ ይችላል። የአሎካሲያ ዘር ጥቂትና ትልልቅ ነው።

ፍሬውን በውኃ ውስጥ አፍርጣችሁ ሥጋውን አጥባችሁ አስወግዱ። ጓንት አድርጉ፤ የዚህ ቤተሰብ ተክል በሙሉ በካልሲየም ኦክሳሌት የተሠሩ እንደ መርፌ ሹል ቅንጣቶች ስላሉት እጅን ያሳክካል። ጎደሬ በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ የሚቧጥጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የታጠበው የኮሎካሲያ ዘር ደርቆ በማቀዝቀዣ ይቆያል። የአሎካሲያው ግን መድረቅ አይወድም፤ እንደተለቀመ ይዘራ።

አዘራሩ ቀላል ነው። ንጹሕ፣ ደቃቅ፣ እርጥበት የሚይዝ አፈር በሳጥን ሙሉ፤ ዘሩን ከላይ በትኑ፤ አፈር አታልብሱት። ብርሃን ይፈልጋል። ሳጥኑን በመስታወት ወይም በላስቲክ ሸፍናችሁ 25 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው ቦታ አኑሩት። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ደቃቅ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። ውኃ ከላይ አታፍስሱ፤ ሳጥኑን ውኃ ባለበት ትሪ ላይ አስቀምጣችሁ ከሥር እንዲጠጣ አድርጉ። ችግኞቹ ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጡ ለየብቻ ይተከላሉ።

መምረጥና መጣል

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚለያየው። ወላጆቹ ራሳቸው የተደባለቀ ውርስ ስላላቸው እያንዳንዱ ዘር የተለየ ልጅ ነው። ጥቁር ቅጠል ካለው አባትና አረንጓዴ ቅጠል ካላት እናት የተገኙ ችግኞች በአንድ ሳጥን ውስጥ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ሐምራዊ ደም ሥር ያለው፣ ቀይ አገዳ ያለው ሆነው ይወጣሉ። አብዛኞቹ ግን መልካቸው ተራ ነው፤ ከወላጆቻቸው የሚሻሉበት ነገር የለም። ተራውን መጣል ያልቻለ አዳቃይ ግቢው በአንድ ዓመት ይሞላበትና እውነተኛውን ድንቅ የሚያሳድግበት ቦታ ያጣል።

ቶሎ መጣልም አደጋ አለው። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ስለ ትልቁ ተክል የሚናገሩት ጥቂት ነው። ቀለሙ ከብዙ ቅጠል በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት መጣል ያለበት የታመመና ደካማ ብቻ ነው። ለመልክ የመጀመሪያው እውነተኛ ምርጫ ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላው ይደረግ። የተመረጡት ደግሞ ቢያንስ ሌላ አንድ ወቅት በሜዳ ላይ ይታዩ፤ ነፋስ ያጥፋቸዋል ወይ? ፀሐይ ያቃጥላቸዋል ወይ? ከቅዝቃዜ በኋላ ያገግማሉ ወይ?

እኔ ከቀለም ይልቅ የማየው አካሄዳቸውን ነው። አንዳንዱ ተክል በቦታው እየዳበረ ይሄዳል፤ ሌላው ግን መሬት ለመሬት የሚሳቡ ረጃጅም ግንዶች እየላከ ሜትሮች ርቆ ይበቅላል። ለጌጥ የሚመረጠው የመጀመሪያው ነው። የቱንም ያህል ቢያምር፣ የጎረቤትን ግቢ የሚወር ድቅል ለገበያ አይቀርብም።

የዚህ ተክል መልካም ጎን፣ አንዴ ከተመረጠ በኋላ ዘር አለማስፈለጉ ነው። እንደ ድቅል በቆሎ በየዓመቱ አዲስ ዘር መግዛት የለም፤ የጎን ቀንበጡን ወይም ከመሬት በታች ያለውን ድንቹን ቆርጦ መትከል በቂ ነው፤ ልጁ ሙሉ በሙሉ እናቱን ይመስላል። በብዛት ሲፈለግ ቤተ ሙከራ ውስጥ በቲሹ ካልቸር ይባዛል። ቲሹ ካልቸር አንዳንዴ ያልታሰበ ነገር ይወልዳል፤ አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ ጥቁር ቀለም የተረጨበት የሚመስለው «ሞሂቶ» የተሰኘው ኮሎካሲያ የተገኘው በፍሎሪዳ እንዲህ ባለ ብዜት መካከል በራሱ ከተከሰተ ለውጥ እንጂ ከድቀላ አይደለም።

በሽታ ያመጣው ጌጥ

ዛሬ በዓለም ገበያ ላይ ካሉት ዝነኛ የኮሎካሲያ ድቅሎች ብዙዎቹ ለጌጥ ተብለው የተጀመሩ አይደሉም። መነሻቸው ረሃብን መፍራት ነው። የጎደሬ ቅጠል ማቃጠያ የሚባል በሽታ አለ፤ አምጪው ፋይቶፍቶራ ኮሎካሲዬ ይባላል፤ የድንች ማሳን በጥቂት ቀናት የሚያጠቁረው በሽታ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ላይ ውኃ ያዘለ የሚመስል ክብ ነጥብ ይጀምርና እየሰፋ ቅጠሉን ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ይህ በሽታ ሳሞዋ ሲደርስ፣ የአገሪቱ ዋነኛ ምግብና የውጭ ገበያ ምርት የነበረው ጎደሬ በአጭር ጊዜ ወደቀ። ለኒውዚላንድ ገበያ የሚያቀርበውን ቦታ ፊጂ ወሰደችው። ከዓመታት በኋላ በሽታው ወደ አፍሪካም ተሻገረ፤ በ2009 ናይጄሪያ፣ በ2010 ካሜሩን ላይ ታየ።

ሳሞዋ ያዳናት ድቀላ ነው። በሽታውን የሚችሉ ዝርያዎች ከፓላውና ከማይክሮኔዢያ መጥተው ከሌሎች ጋር ተዳቀሉ፤ የተገኙት ልጆች በገበሬዎች ማሳ ላይ ተፈተኑ። በሃዋይም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት በሽታ ሊቅ የነበረው ጆን ቾ፣ የሃዋይን ጎደሬ፣ በሽታውን ከሚችሉ የፓላውና የእስያ ዝርያዎች ጋር በማዊ ደሴት ማዳቀል ጀመረ። በችግኞቹ መካከል ለምግብ የማይሆኑ ግን ዓይን የሚስቡ ልጆች ይወጡ ጀመር። እነዚያን መጣል ሲችል ለየብቻ አስቀመጣቸው፤ ሁለተኛ የምርጫ መስመርም ከፈተ። «ሮያል ሃዋይያን» በሚል ስም ለገበያ የቀረቡት ከዚህ የመጡ ናቸው፦ የሚያብለጨልጭ ጥቁሩ «ብላክ ኮራል»፣ ጥቁር ቸኮላታማው «ዳይመንድ ሄድ»፣ ሐምራዊ ደም ሥር ያለው «ብሉ ሃዋይ»፣ ቢጫማ አረንጓዴው «ማዊ ጎልድ»፣ መካከሉ ላይ ነጭ የፈሰሰበት «ኋይት ላቫ»። ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ልብ እንዲሉ የምፈልገው ሰውየው ሁለት ዓላማ ይዞ አለመነሳቱን ነው፤ ለአንዱ የማይሆነው ለሌላው ሊሆን እንደሚችል ያየው ችግኞቹ ፊት ቆሞ ነው።

ወንድም ይመዘገባል?

በዚያው በሃዋይ የሆነ ሌላ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በአገሬው ተወላጆች ትውፊት የጎደሬ ተክል ሃሎዋ ይባላል፤ ሞቶ የተወለደ የመጀመሪያ ልጅ ሲቀበር ከመቃብሩ የበቀለ ነው፤ ከእሱ በኋላ የተወለደው ታናሽ ወንድም ደግሞ የሰው ሁሉ አባት ሆነ። ጎደሬ ለእነሱ ታላቅ ወንድም ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርዶ ትሩሂዮ «ማዊ ሌሁዋ» የተባለውን የሃዋይ ጎደሬ ከፓላው ዝርያ ጋር አዳቅሎ ያገኛቸውን ሦስት ድቅሎች ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2002 በፓተንት አስመዘገበ። ተክሉን የሚያለማ ገበሬ ክፍያ እንዲከፍልና እንዳያዳቅለው የሚያግድ መብት ማለት ነው። በሞሎካይ ደሴቱ ዋልተር ሪቴና በሌሎች የሚመራ ተቃውሞ ተነሳ። ጥያቄያቸው አጭር ነበር፦ የዘመናት ገበሬ መርጦ ያቆየውን ተክል አንድ ጊዜ ስላዳቀላችሁት የእናንተ ይሆናል ወይ? በ2006 ዩኒቨርሲቲው ፓተንቶቹን ተወ፤ ሰነዶቹም በአደባባይ ተቀደዱ።

እነዚያ ድቅሎች በዘረ መል ምህንድስና የተሠሩ አልነበሩም፤ ከላይ እንደገለጽነው በብሩሽና በብናኝ የተገኙ ናቸው። ክርክሩ ስለ ባለቤትነት እንጂ ስለ ቤተ ሙከራ አልነበረም፤ ሁለቱን የሚያምታቱ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። እኔ በበኩሌ ተቃዋሚዎቹ ትክክል ነበሩ ባይ ነኝ። አዳቃይ ለድካሙ ዋጋ ሊያገኝ ይገባል፤ ነገር ግን ከአንድ ሕዝብ ዋና ምግብ ላይ ኪራይ መሰብሰብ ሌላ ጉዳይ ነው።

የፖስተኛው ድቅል

በአሎካሲያ በኩል ዝነኛው ድቅል የተገኘው ከዩኒቨርሲቲ አይደለም። ሳልቫዶሬ ማውሮ በማያሚ ፖስተኛ ነበር፤ አማዞን የሚባል ችግኝ ጣቢያም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለት የእስያ አሎካሲያዎችን አዳቀለ፤ ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ላይ ነጭ ደም ሥር ጎልቶ የሚታይበት፣ ጠርዙ ሞገድ የሚመስል ተክል አገኘ። ስሙን በችግኝ ጣቢያው ስም አማዞኒካ አለው። ዛሬ ብዙ ሻጭ ከአማዞን ደን የመጣ ነው ይላል፤ ወላጆቹ ግን ያን ወንዝ አያውቁትም። ከአባትና ከእናቱ አንዱ የሆነው ሳንደሪያና በፊሊፒንስ ሚንዳናኦ በዱር ሊጠፋ የተቃረበ ዝርያ ነው፤ ልጁ ግን በየሳሎኑ ሞልቷል። በዚያው በፍሎሪዳ የምትሠራው ላሪአን ጋርነር ደግሞ አሎካሲያ ፖርቴይን ከአሎካሲያ ኦዶራ ጋር አዳቅላ ከሰው በላይ የሚረዝመውን «ፖርቶዶራ» አውጥታለች።

አያያዝ

ኮሎካሲያ የውኃና የፍግ ወዳጅ ነው። ረግረግ አጠገብ፣ የቧንቧ ውኃ በሚፈስበት ጥግ፣ ከነማሰሮው በኩሬ ውስጥም ይኖራል። አሎካሲያን እንዲህ ብታደርጉት ሥሩ ይበሰብሳል፤ እሱ እርጥብ አየር እንጂ እርጥብ እግር አይወድም፤ አፈሩ ቶሎ የሚያጠልል ይሁን። ጥቁር ቅጠል ያላቸው ኮሎካሲያዎች ቀለማቸው የሚጎላው በፀሐይ ነው፤ አማዞኒካና መሰሎቹ ደግሞ ከቀጥተኛ ፀሐይ ይከለሉ። ሁለቱም ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ እድገታቸውን ያቆማሉ። አዲስ አበባ ላይ የሚተክል ሰው ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ያየውን ቁመት አይጠብቅ፤ ወደ ግድግዳ አስጠግቶ፣ ከነፋስ ከልሎ ይትከል። ቤት ውስጥ የተቀመጠውን ቀይ ሸረሪት ያጠቃዋል፤ የቅጠሉን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ከመድኃኒት ይቀድማል።

ውርጭ ባለበት አገር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ፣ ግቢ ያላችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን ሳይገድለው ወይም እንደገደለው የኮሎካሲያውን ድንች አውጡ፤ አፈሩን አራግፉ፣ አድርቁ፣ ውርጭ በማይደርስበት ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ እስከ ፀደይ አቆዩት። አሎካሲያን ግን ከነማሰሮው ቤት ማስገባት ይሻላል።

በጓሮ ያለው ወላጅ

አገራችን ውስጥ ይህን ሥራ ለመሞከር ለሚፈልግ የመጀመሪያው ጥሬ ዕቃ ጓሮ ውስጥ ነው። በወላይታ የሚገኘው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል «ቦሎሶ-1» የተባለውን የተሻሻለ የጎደሬ ዝርያ አውጥቶ ለገበሬዎች አድርሷል። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ያሉ ገበሬዎች ደግሞ በአገዳው ቀለም፣ በሚያሳክክ ጠባዩ፣ በሚበስልበት ፍጥነት የሚለዩዋቸው የየራሳቸው ዓይነቶች አሏቸው። ሐምራዊ አገዳ ካለው ጀምሩ። ያብብ እንደሆነ ጠይቁ፤ የማያብብ ከሆነ ሆርሞን ሞክሩ። ለምግብ የሚሆን ድቅል ከፈለጋችሁ ከመልኩ በፊት ቀቅላችሁ ቅመሱት፤ ለጌጥ የሚዳቀለው ከምግቡ ማሳ ርቆ ይተከል፤ የማይበላ ቅይጥ ከሚበላው ጋር ከተደባለቀ በኋላ መለየት አስቸጋሪ ነው።

የጣላችኋቸውን ችግኞች ወንዝ ዳር ወይም ሐይቅ ዳር አትጣሉ። ኮሎካሲያ ከቁራጭ ሥር ይነሳል፤ በፍሎሪዳና በቴክሳስ ከግቢ አምልጦ የጅረት ዳርቻዎችን ሸፍኖ የአገሬውን ተክል ያፈናቀለው በዚህ መንገድ ነው። ቅጠሉ በብስባሽ ጉድጓድ ይግባ፤ ድንቹ ግን ተከትፎ፣ ፀሐይ ላይ እስኪሞት ደርቆ ብቻ ይግባ።